ቀይ አፈር ሄዷል

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6። ጠዋት 2፡30
ሁለቱንም ደጅ ጠረግኩ፤ የራሴንና የጋሽ አይኬን። ሱቁ ዛሬም ዝግ። ሌላ ጊዜ ቀድሞ የሚመጣው እሱ ነው። የእኔንም ደጅ ጠርጎ፣ ከእንጨት የተጠረበች ቦርኮቶው ላይ ተቀምጦ፣ «ስፌት ቤት ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚከፈተው?» እያለ ይተርበኛል። አሁን ሆስፒታል ተኝቷል። ጉበት ነው አሉ።

ደብተሬ፣ የጂንካ ገበያ ቀን ነው፤ ደንበኞቹ እኔን ይጠይቁኛል። ዶቃ ፈላጊ፣ ምላጭ ፈላጊ። ታሟል ብል ወሬው ሳይመሽ አልዱባ ይደርሳል። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ አንድ ወጣት አዲስ ሱቅ ከፍቶ ዶቃውን ደጅ ላይ ዘርግቷል። ገበያ አንዴ እግሩን ካዞረ አይመለስም። ስለዚህ «ቀይ አፈር ከተማ ለንግድ ሄዷል፣ ሰሞኑን ይመጣል» እላለሁ። ሙጋ እንኳ አመነኝ። ሙጋ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአልዱባ መጥቶ ከጋሽ አይኬ ጋር የሚውል የበና ሽማግሌ ነው። ጥሩ ጎረቤት ነኝ ብዬ ራሴን አመሰገንኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9
ሆስፒታል ደርሼ መጣሁ። ሚስቱ እትዬ ማርታ አጠገቡ። ለደንበኞቹ ያልኩትን ነገርኳት፤ ደግ አደረግሽ አለች። እሱ ተኝቷል። ሸሚዙን የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ ልኩን አውቃለሁ። አሁን ውስጡ ሌላ ሰው ያስገባል። ከሱ ጋር ሳልነጋገር ወጣሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13
ሥራ በዛ። ጨርቅ የሚያስቀመቅሙ ሴቶች። መጀመሪያ ይህችን ክፍል ስከራይ የማውቀው ሰው አልነበረም። ዶቃ የሚገዙትን ሁሉ እጃቸውን ይዞ እኔ ጋ ያመጣቸው እሱ ነው፣ ልጄ ናት እያለ። የበናዎቹን ቋንቋም የሚተረጉምልኝ እሱ።

ሙጋ በቅል ማር ይዞ መጣ። «አይኬ የት?» አለ። ያው ቀይ አፈር አልኩ። እዚህ አስቀምጠው ብለውም እምቢ አለ፤ ለአይኬ በእጁ እሰጣለሁ ብሎ ማሩን ይዞ ተመለሰ።

ከሰዓት ሆስፒታል። ጋሽ አይኬ ነቅቷል። ደንበኞቼ ይጠይቁኛል ወይ አለኝ። ሁሉም ይጠይቃሉ አልኩ፤ እውነት ነው። «ታዲያ ለምን አይመጡም?» አለ።

ብርድ ልብሱን አስተካከልኩለት። «ሙጋስ?» አለ። መንገድ ላይ ነው፣ ይመጣል አልኩት። ለአንዱ ቀይ አፈር፣ ለአንዱ መንገድ ላይ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ሙጋ ስልክ የለው። ቅዳሜ ሲመጣ ራሴ ይዤው እሄዳለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18
ቀበርነው። ትናንት አረፈ። መንገዱ ሁሉ ሱቁን ዘጋ። የማዶው ልጅ ሳይቀር ዘግቶ ድንኳን ሲተክል ዋለ። ከሩቅ የሚመጡለት፣ ሲጠብቃቸው የነበሩት ግን አልነበሩም። እትዬ ማርታ ስታለቅስ ሰማሁ፤ እስከ መጨረሻው ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ነበር ትላለች። ዛሬ ከዚህ በላይ መጻፍ…

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20
ሙጋ ይመጣል ብዬ ከፈትኩ። መጣ፣ ማሩን እንደያዘ። ሐሙስ ቀይ አፈር ገበያ ሄዶ ነበር። ዶቃ ሻጩን ሁሉ እየዞረ ጠየቀ። «አይኬ የለም። አንቺ ዋሸሽ?» እኛ ስንቀብረው እሱ እዚያ ይፈልገዋል!

መርዶ ጠዋት፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። እኔ ብቻዬን፣ ቋንቋም የለኝ፤ ጋሽ አይኬ ያስተማረኝ የገበያ ቃል ብቻ ነው። «ሞተ» አልኩት በአማርኛ። አለቀስኩ። ማሩን በዝጉ ሱቅ ደጃፍ ላይ አስቀመጠና ሳይሰናበተኝ ሄደ። አልፈርድበትም።

ሰኞ፣ ኅዳር 22። ከሰዓት 10፡00
ነገ የአልዱባ ገበያ ነው። እዘጋለሁ። ከእትዬ ማርታ ጋር ሄጄ ሙጋንም ሌሎቹንም አገኛለሁ። ይቆጡሻል አለችኝ። ይቆጡ። የማዶው ልጅ ሰምቶ፣ የሁለታችሁንም ደጅ እኔ እጠርጋለሁ አለ። ስጠላው የከረምኩት ልጅ!

ታሞ እንደነበር፣ የደበቅኩትም እኔ እንደሆንኩ ቋንቋቸውን የምታውቀው እትዬ ማርታ ትተረጉምልኛለች። «ይጠብቃችሁ ነበር» የምትለዋን ግን በራሳቸው ቋንቋ ራሴ ልበላት፣ አስተምሪኝ አልኳት። ከጠዋት ጀምሮ እየደጋገምኳት ነው።