የማማው ጥሪ

መስከረም 28
ሙቀት። ሱቅ ውስጥ ፋኑ ቆመብኝ። የሰው ስልክ ስጠግን ውዬ የራሴን ፋን ማስነሳት አቃተኝ... ጉድ ነው።

ከሰዓት ናጅዋ መጣች። ወጣቶች ማዕከል የምትሠራው ጓደኛዬ። "ሩዋይዳ፣ ጥቅምት 22 የወጣቶች ሥራ እናሳያለን። ያንቺን ጩኸት አቅርቢ" አለች። ጩኸት! ሦስት ዓመት ሙሉ በላፕቶፕና በአሮጌ ራዲዮ የደከምኩበትን ሙዚቃ ጩኸት ትለዋለች። እሺ አልኳት። ምን ነካኝ?

መስከረም 30
የሰበሰብኳቸውን ድምፆች ስሰማ አመሸሁ። ወንዝ ዳር ሽንኩርት የሚያጠጣው ፓምፕ አለ። ጣቢያ ያጣው ራዲዮ ሽሽሽ ሲል አለ። የባጃጅ ሞተር አልነሳ ሲል... እሱም ጥሩ ነው።

ከዚያ ደግሞ ያቺ አለች። የዛሬ ሦስት ዓመት በስልኬ የቀዳኋት። አባ ማማው ላይ ቆመው ግሪሳውን ከማሽላው ሲያባርሩ። "ሃዬዬ... ሆይ!" አርባ ሰከንድ ናት። በሰማኋት ቁጥር መልሼ እከፍታታለሁ።

አምና እንቅርታቸውን በኦፕራሲዮን ካስወጡ ወዲህ ድምፃቸው ክር አከለ። ዘንድሮ ማማው ላይ አልወጡም። እማ ናት ቆርቆሮ እየደበደበች ወፍ የምትጠብቀው። ጎረቤታችን ጋሼ ሙዓዊያ ጠዋት ጠዋት ከማሳቸው ይጣራሉ፤ ከኛ በኩል መልስ የለም። አገሩ እንደሁ አንዱ ማማ ሲጠራ ሌላው ዝም ካለ ነውር ነው። "ተኝተሃል ወይስ ሞተሃል?" ይባላል።

ጥቅምት 5
አባን ጠየቅኳቸው። ምሳ በልተው እጃቸውን ሲታጠቡ።

"አባ፣ ያቺን የማማ ድምፅዎን ለሰው ላሰማት ነበር።"

ፎጣውን አነሱ። እጃቸውን እያደረቁ፣ "እሱ የሞተ ሰው ድምፅ ነው። ምን ይሠራልሻል?"

"ወላሂ አባ! አንቱ መቼ ሞቱ?"

ፎጣውን አስቀምጠው ወጡ። ምነው አፌን በቆረጠው።

ጥቅምት 6
ያለፈቃዳቸው አላደርገውም። ያለሷ ደግሞ ሥራው ባዶ ነው... ናጅዋን ቀርቻለሁ ልበላት?

ጥቅምት 14
አባ ሱቅ መጡ! ከተከፈተ ወዲህ አንድ ቀን ረግጠውት አያውቁም። የተበላሹ ስልኮች መሀል ቁጭ ብለው፣ "እስቲ አሰሚኝ" አሉ።

ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረግኩላቸው። አንዴ ሰሙ። ድገሚው አሉ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲሰሙ ጉሮሯቸውን በጣታቸው ነካ አደረጉ።

"እንዲህ ነበርኩ?"

"እንዲህ ነበሩ።"

"አሰሚያቸው። እኔ ግን አልመጣም።"

ሲሄዱ ሱቁን ዘግቼ ትንሽ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው። ግን ሳይመጡ ምን ዋጋ አለው?

ጥቅምት 22
በሥርዓቱ ልጻፈው።

ከዐሱር ሶላት በኋላ ነበር። አዳራሹ ሞላ። አብዛኛው የልጆቹን ሥራ ሊያይ የመጣ ገበሬ ነው፤ ጋሼ ሙዓዊያ ሦስተኛው ረድፍ ላይ። ተራዬ ደረሰ። በፓምፑ ጀመርኩ፣ ቀስ አድርጌ ራዲዮውን ጨመርኩበት። ሁለት ደቂቃ አልሞላም... ጭጭ!

የአዳራሹ ጠባቂ ጋሼ ዘውዴ ሮጠው ሶኬቱን ነቅለውታል። "ልጄ፣ ስፒከሩ ሊቃጠል ነው!"

"ኧረ ጋሼ፣ ሙዚቃው ነው!"

"ይሄ?"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጋሼ ዘውዴ አፍረው መልሰው ሰኩት፤ "ቀጥይ በቃ፣ እኔ ምን አውቄ" አሉ። ቀና ስል በሩ ላይ አባን አየኋቸው። ጫማቸውን እንኳ ከደጃፉ አላስገቡም።

እንደገና ጀመርኩ። ፓምፕ... ራዲዮ... ባጃጅ። ከዚያ ያቺን ለቀቅኳት። "ሃዬዬ... ሆይ!"

ጋሼ ሙዓዊያ እጃቸውን በአፋቸው ዙሪያ አድርገው መለሱ! አስበውበት አይመስለኝም። ስንት ዓመት የለመደ አፍ። ከኋላ ሌላ ሰው ተቀበለ፣ ከግራ ሌላ። ወፍ ያልጠበቀ የለማ! አዳራሹ የጥቅምት ማሳ ሆነ። እኔም ፓምፑን ከሥራቸው ከፍ ዝቅ እያደረግኩ ተከተልኳቸው።

አርባዋ ሰከንድ አለቀች። የኛ ማማ ዝም አለ። ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ።

"አብዱልሰመድ!" አሉ ጋሼ ሙዓዊያ፣ አባን በስማቸው ጠርተው። "ተኝተሃል ወይስ ሞተሃል?"

አባ መሬት መሬት ያያሉ። ምን አደረግኩ አልኩ በልቤ፣ ሰው ፊት አዋረድኳቸው። ጥለው ቢወጡስ? ማይኩን ይዤ ገመዱን እየጎተትኩ ሄድኩና ሰጠኋቸው። ተቀበሉኝ።

"ሃዬ... ሆ።"

ክር ናት። ሮጬ ተመልሼ ላፕቶፑ ላይ ድምፅ የሚደጋግመውን ማስተጋቢያ ከፈትኩት። ያቺ ክር ሁለት ሆነች፣ አሥር ሆነች፣ ጣራው ድረስ ሞላች። አባ ደንግጠው ስፒከሩን አዩት። ከዚያ ማይኩን አስጠግተው ደገሙ። ጋሼ ሙዓዊያ እየሳቁ፣ ዓይናቸውንም እየጠረጉ መለሱላቸው።

ስንት ደቂቃ እንደቆየን አላውቅም። ማይኩን ልቀበል ብል አባ እምቢ አሉኝ።

ጥቅምት 23
ናጅዋ ደወለች። "ሙዚቃሽ" አለች፤ ዛሬ ጩኸት አላለችም።

ኅዳር 3
ጠዋት ማሳ ወረድን። ከአሮጌ የሞተር ብስክሌት ባትሪ ጋር ያገናኘኋትን ትንሽ ስፒከር ተሸክሜ ከኋላ፣ አባ ማይክ ይዘው ከፊት። ማማው ላይ ሲወጡ እማ ቆርቆሮዋን ወርውራ፣ "ተገላገልኩ!" አለች።

ጠሩ። ግሪሳው ግር ብሎ ተነሳ። ከወዲያ ማዶ ጋሼ ሙዓዊያ መለሱ።

"ሩዋይዳ" አሉ ከላይ ሆነው፣ "ያን የድሮውን አጥፊው።"

"ለምን አባ?"

"የዛሬውን ቅጂልኝ። ሰውየው አልሞተም።"

የድሮውን አላጠፋሁትም፤ አልነገርኳቸውም። ስልኬን ማማው እግር ሥር አስቀምጬ መቅጃውን ከፈትኩ።