እጄ መዝጊያው ላይ

ኦክቶበር 2
ሙቀት። ማንጎው ገና አልበሰለም፣ ልጆቹ ግን ጥሬውን በጨው እየበሉ ጨረሱት።

ከሰዓት ፕሮግራሜን ሠራሁ። ሰላምታ ማንበብ ነው... እገሌ ለአክስቱ፣ እገሊት ከተማ ለቀረው ባሏ። በሬዲዮ ስሜ ሚጥሚጣ ነው። ታዳላ የምትለኝ አጎጎ ብቻ ናት፣ አያቴ።

ባምቦ ሊኮንግዌ ዛሬም ተቆጡኝ። ጣቢያውን የሚመሩት እሳቸው ናቸው፣ እንደኛው ያለ ደሞዝ። ጥፋቴ? የወፍጮ ቤቱን ሰውዬ ስሙን ጠርቼ "ሚዛኑ ራሱ ያፍርበታል" አልኩ። አገር ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

"እሱ ማይክ አለው?" አሉኝ።

"የለውም።"

"እንግዲያው አልተጣላችሁም። እጁን ታስሮ ነው የመታሽው።"

ደንቡን ግድግዳው ላይ ለጥፈውታል። ስገባ ፈርሜበታለሁ፣ አላነበብኩትም። ማን ደንብ ያነባል? ደንብ ቢሆንልኝ ትምህርት ቤት እቆይ ነበር... መምህሩ የወረወረብኝን ዳስተር መልሼ ባልወረወርኩበት።

"ሌላው ቢቀር ይሄን ያዢ" አሉ። "ማይኩ ክፍት ከሆነ አንድ እጅሽ መዝጊያው ላይ።"

እሺ አልኩ። በሁለት እጄ ካላወራሁ ግን ቃል አይመጣልኝም።

ማሰራጫው ዛሬም እየተቆራረጠ ዋለ። ከብላንታየር ከተማ ቴክኒሻን ሊመጣ ነው አሉ።

ኦክቶበር 4
ከወንዙ ማዶ ደም መጣጮች ገብተዋል ይባላል። ሰው ሲተኛ ይመጣሉ፣ ቀይ መብራት ያበሩብሃል፣ ትደነዝዛለህ... ጠዋት ለመነሳት ጉልበት የለህም።

አጎጎ በሩን በገመድ አሰረች። "አንቺንስ ይተዉሻል" አለችኝ። "ብትቀጂ የሚወጣው ነገር እንጂ ደም አይደለም።" ሳቅን። ግን ምንጣፏን ወደኔ አስጠጋች።

ስልኬ በመልእክት ሞላ። አንብቢ፣ አንብቢ... ባምቦ "አንዲት ቃል እንዳትወጣ" አሉ። "መጀመሪያ ጤና ኬላ ትደውያለሽ። ከዚያ የመንደሩን አለቃ፣ እማማ ናማሶኮን፣ ትጠይቂያለሽ። ሁለቱም ካላወቁ፣ ለሬዲዮ ነገሩ የለም።"

ነገ ለስብሰባ ወደ ወረዳ ይሄዳሉ። ቁልፉ እኔ ጋ ነው።

ኦክቶበር 5
 እንደሆነው ልጻፈው።

ብቻዬን ነበርኩ። አንዱ ደወለ፣ አየር ላይ። ስሙን አልተናገረም።

"ሚጥሚጣ፣ ስለ ደም መጣጮቹ ለምን ዝም አላችሁ? ስንት ከፈሏችሁ?"

"እኔን ማንም አይከፍለኝም፣ ወንድሜ።"

"እንግዲያው ፈርተሽ ነው። አንቺ ቲማቲም ነሽ፣ በከንቱ ሚጥሚጣ ተባልሽ።"

ደሜ ፈላ። መዝጊያው እዚያው ነበር። እጄ የት ነበር? ስልኬ ላይ። ዓይኔ ያረፈበትን መልእክት አነበብኩት... "ነጭ ፒክአፕ፣ ብረት የጫነ፣ ቀይ መብራት ያለው፣ በድልድዩ በኩል እየገባ ነው። ማዶ የሁለት ሴቶች ደም መጥጦ ጥሏቸው ነው የመጣው።" ከዚያ ደግሞ ጨመርኩበት፣ "ቲማቲም ይሄን ታነባለች?"

ዘፈን ለቀቅኩ። ደስ አለኝ። ለራሴ ምን እዋሻለሁ፣ በጣም ደስ አለኝ።

ዘፈኑ ሳያልቅ ፉጨት ሰማሁ። በመስኮቱ ሰው ይሮጣል፣ ገጀራ የያዘ፣ ዱላ የያዘ። ሌላ ዘፈን ደገምኩ፣ ሌላ... ከድልድዩ በኩል ጥቁር ጭስ ወጣ። የጎማ ጭስ። ሽታው አይጠፋም።

ፕሮግራሜ አልቆ ልቆልፍ ስል በጓሮ በር አንድ ሰው ገባ። ወጣት ነው። አንድ ጫማ የለውም። ግንባሩ ተፈንክቷል።

"የሬዲዮውን ማማ እያየሁ መጣሁ" አለ። "እዚህ አገር ሌላ የማውቀው ነገር የለም።"

"ማነህ?"

"ዌዚ። ማሰራጫውን ልጠግን የመጣሁ።"

ነጭ ፒክአፕ። ብረቱ... የኛው አንቴና። ቀይ መብራቱ የመለኪያ መሣሪያው ነው። እንደሚመጣ አውቅ ነበር እኮ። ለምን አላሰብኩትም?

"መኪና ውስጥ የእናንተን ጣቢያ ከፍቼ ነበር፣ ጥራቱን ልሰማ ብዬ" አለኝ። "ስለ ራሴ ሰማሁ።"

ድምፄን አላወቀውም። ወይስ አውቆ ነው ዝም ያለኝ? ውሃ ሰጠሁት። ባትሪዎቹ ያሉበት ክፍል አስገብቼ ቆለፍኩበት።

ባምቦ ጋ ደወልኩ። ሰዉ መንገዱ ላይ ግንድ አጋድሟል፣ እሳቸውም ፖሊስም ማለፍ አልቻሉም።

"ደንቡ ምን ይላል?" አሉኝ።

"አላነበብኩትም።"

እሳቸው በቃላቸው አነበቡልኝ። 

"ስህተት በዚያው ፕሮግራም፣ በዚያው ድምፅ ይታረማል። የዛሬው አለፈ። ነገ በዚያው ሰዓት... አላዝሽም፣ ታዳላ። ለደም መጣጭ የሚከራከር ሰው ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ።"

ታዳላ አሉኝ።

አውቃለሁ ምን እንደሚባል። እሱም ደም መጣጭ ነው ይባላል። የሚደረገውም ያው ነው።

ኦክቶበር 6፣ ጠዋት
አልተኛሁም። ገና የጣቢያውን በር ስከፍት ማዲትሶ መጣ፣ የአጎቴ ልጅ። ገጀራውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ። ማንጎ ይዞልኛል፣ ቀድሞ የበሰለውን።

"ጀግናችን" አለኝ። "አንቺ ባትናገሪ ዛሬ ስንቱን እንቀብር ነበር።"

"ሰውየውስ?"

"የት ይደርሳል? ቤት ለቤት ጀምረናል። ሲመሽ ይሄ ሰፈር ነው ተራው።"

የባትሪ ክፍሉን በር ተደግፎ ነው የሚያወራው። የዌዚን ትንፋሽ የምሰማ መሰለኝ... ወይስ የራሴ ነበር? ማንጎውን እስክበላ ቆሞ ጠበቀኝ። በላሁት። 

ሲሄድ ጤና ኬላ ደወልኩ። ነርሷ ሳቀች። "ሁለት ሴቶች? ማንም አልመጣም። ማዶም ያሉትን ጠይቄያለሁ፣ ሙቀት ብቻ ነው ያለው።" አንድ ስልክ ብቻ ነበር። ትናንትም ይሄው አንድ ስልክ ይበቃ ነበር።

አለቃችን ጋ ደወልኩ፣ እማማ ናማሶኮ። እሳቸው እጁን የያዙትን እንግዳ ማንም አይነካም፣ ከድሮም እንደዚያ ነው።

"እጁን ይዘው ቢያሳልፉልኝ" አልኳቸው።

"ትናንት ጠዋት ቢሆን አዎ። ዛሬ እኔንም ስንት በላሽ ይሉኛል። ጆሯቸው ውስጥ የከተትሽው አንቺ ነሽ ልጄ። በኔ ዱላ አይወጣም። አንቺው አውጪው... ስሰማሽ እነሳለሁ።"

ብናገርና ባይነሱስ?

ኦክቶበር 6፣ ማታ
ተናገርኩ።

ወረቀት ላይ ጽፌ ነበር፣ ላብ አጠፋው። ግራ እጄን መዝጊያው ላይ አደረግኩ። ከዚያ...

"ስሜ ታዳላ ነው። ትናንት ያነበብኩላችሁን መልእክት ማን እንደላከው አላውቅም። አልጠየቅኩም። ዛሬ ጤና ኬላ ደወልኩ፣ የወደቀች ሴት የለችም። ነጩ መኪና ይሄንን ሬዲዮ ሊጠግን ነበር የመጣው። እንደሚመጣም አውቅ ነበር። ተናድጄ ነው ያነበብኩት። ውሸት ነው የነገርኳችሁ።"

ልክ ይሄን ስል ከጀርባዬ፣ ከባትሪ ክፍሉ፣ ዌዚ ሳለ። ጭስ የገባበት ሳል ነው፣ አይታፈንም።

ዘጋሁት። ግማሹ ግን አመለጠ። ከመስኮቱ ውጪ ማዲትሶ ሬዲዮ በሚሰማበት ስልክ ሲወጣ ሰማሁት... የወንድ ሳል። መልሼ ከፈትኩና እኔም ሳልኩ። "ይቅርታ፣ ማንጎ ነው" አልኩ። ድምፄ የድመት ሆነብኝ።

በሩ ተደበደበ።

"ማን ከፈለሽ?" ማዲትሶ ነው። "ክፈቺ። ውስጥ ሌላ ሰው አለ።"

 የባትሪ ክፍሉን በር በጀርባዬ ደግፌ ቁጭ አልኩ። የውጪው በር ማጠፊያ ሲሰነጠቅ አየሁት። አጎጎን አሰብኩ፣ ማን እንደሚነግራት።

ከዚያ ድብደባው ቆመ።

እማማ ናማሶኮ ናቸው። በቤት ጫማ ነው የመጡት። ማንንም አልተቆጡም። "እንግዳዬን አምጪልኝ" አሉ፣ ገበያ ላይ ዶሮ እንደሚጠይቅ ሰው። እጁን ያዙት። ከዚያ በዚያ ሁሉ ገጀራ መሃል፣ ቀስ እያሉ፣ ወገባቸውን ስለሚያማቸው ሁለቴ እያረፉ አሳለፉት። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። ከኋላ ከኋላቸው ሄድኩ። እዚያ ብቻዬን መቅረት ፈራሁ።

ፖሊስ ወዲያ ማዶ የሚጠብቅበት ግንድ ጋ ስንደርስ ዌዚ ዞረ።

"አንቺ ነበርሽ" አለኝ። እየጠየቀኝ አልነበረም።

ኦክቶበር 8
ጣራችን ላይ ድንጋይ። አጎጎ የጠበሰችውን ማንዳዚ፣ የሊጥ ጥብሷን፣ የሚገዛት ጠፋ፣ እንዳለ መልሳ አመጣችው።  ሬዲዮዋን በጨርቅ ጠቅልላ ከአልጋ ሥር አስገባችው።

ባምቦ ተመለሱ። ለሦስት ሳምንት ከማይክ ታግደሻል አሉኝ። እሺ አልኩ። የምከራከር መስሏቸው ቆመው ጠበቁ።

ግድግዳው ላይ ያለውን እስከ ታች አነበብኩት። ረጅም አይደለም።

ኦክቶበር 30
ዛሬ ተመለስኩ። ማዲትሶ በር ላይ አልፎኝ ሄደ፣ ሰላም አይለኝም። ማሰራጫው አሁንም ይቆራረጣል። ከዌዚ በኋላ ሌላ ቴክኒሻን ማን ደፍሮ ይልክልናል?

"የደም መጣጭ ሚስት" የሚል መልእክት ገባ። ፊቴ ጋለ። እጄ መዝጊያው ላይ ነበር፣ ቀጣዩን ሰላምታ አነበብኩ።

ሌላ መጣ። "ገበያው ጋ የማይታወቅ ሰው፣ ትልቅ ቅርጫት የያዘ።" ዘፈን ከፍቼ እማማ ናማሶኮ ጋ ደወልኩ። "የልጄ አማች ነው" አሉ። "ዶሮ ሊሸጥ መጥቶ ነው። እባክሽ አንድ ሰው ይግዛው፣ ጩኸታቸው አላስተኛኝም።" መልእክቱን አጠፋሁት።

ማታ ስገባ ሬዲዮው ከጨርቁ ወጥቶ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል።

"ከፍተሽው ነበር?"

"ከፈትኩት" አለች አጎጎ። "ሰው ደውሎ ሲነካካሽ መልስ አትሰጪም። ሬዲዮው የተበላሸ መስሎኝ ልመታው ነበር።"

ሳቅኩ። ከዚያ ተነስታ በሩን በገመድ አሰረች። ከደም መጣጭ አይደለም አሁን፣ ከሰፈራችን ሰው ነው፣ ሁለታችንም እናውቃለን። ሄጄ ቋጠሮውን በእጄ ፈተሽኩት።