ወፏ የሞተችበት ገጽ

ውድ እናቴ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት አደረገሽ? ደረጃውን ብቻሽን መውጣት ጀመርሽ ወይስ አሁንም አባዬን ታስቸግሪዋለሽ? የእሱስ ሳል ለቀቀው? እኔ ደኅና ነኝ፤ ሆዴን የሚበላው የእናንተ ናፍቆት ብቻ ነው።

መልእክትሽ ደርሶኛል። ስለ አክስቴ የጻፍኩትንና የሣልኩትን የልጆች መጽሐፍ በሚመለከት፣ «እህቴን በሰው ፊት ገዳይ አታድርጊያት፣ ያቺን ገጽ አውጪያት» ብለሻል። እማዬ፣ ብትፈልጊ ተቆጪኝ፤ አላወጣኋትም።

ለአባዬም እንዲገባው ከሥሩ ልንገርሽ። መጽሐፉ አክስቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ወንዝ ለወንዝ እየዞረች ወፍ ስትመረምርና ስትሥል የኖረችውን ኑሮ ይተርካል። ሰፈሩ «ወፊት» እያለ ሲስቅባት፣ አያቴ ቀለሟን በመስኮት ሲወረውረው፣ ሁሉም አለበት። አንዷ ገጽ ላይ ግን ሰማያዊዋን ዓሣ አዳኝ ወፍ በወንጭፍ ገድላ፣ ላባዋ ሳይደበዝዝ ለመሣል ስትጣደፍ ትታያለች። ብዙ ወፍ እንዲህ ነው የሣለችው። ሣር ውስጥ ተኝታ በሕይወት ያለውን መሣል የለመደችው ኋላ ነው።

እሠራበት የነበረው አሳታሚ ድርጅት አርታኢ ያቺን ገጽ ሲያይ ፊቱን አጨፈገገ። ልጆች ያለቅሳሉ፣ በመስኮት እያየች ሣለች ብለን እናስተካክለው አለ። ውሸት ማስተካከያ አይባልም አልኩት። እንግዲያው ልጆቹ ይፍረዱ ብዬ ጎረቤቴ የምታስተምርበት ክፍል ይዤው ሄድኩ፤ እሱም ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰማ። እውነቱን ለመናገር አንዲት ልጅ አለቀሰች። አርታኢው ይኸው፣ አላልኩሽም በሚል ዓይን አየኝ። ልጅቱ ግን ገጹን ልገልጠው ስል እጄን ያዘችና «ቆይ፣ አልጨረስኩም» አለችኝ። እንባዋን እየጠረገች ሥዕሉን እስክትጠግብ አየችው።

እሱ ግን ወይ ፍንክች። ያኔ ቤት ደውዬ አክስቴን ምን ይሻላል አልኳት። እሷም «የገደልኳትን ወፍ የምትደብቂ ከሆነ፣ የሣልኳትንም አብረሽ ደብቂያት» አለችኝ። ከዚህ ወዲያ ማንን ልስማ? ሥዕሎቼን ጠቅልዬ ወጣሁ።

ሥራ ፈታች ብለሽ እንቅልፍ እንዳታጪ። አንድ አነስተኛ ማተሚያ ቤት መጽሐፉን ከነገጹ አትሞልኛል፤ እኔም እዚያው ሽፋን እለጥፋለሁ። ጽሕፈቴ የተንጋደደው ጣቶቼ በሙጫ ስለተያያዙ ነው። ሰው ምን ይላል ትያለሽ። ሰውማ አክስቴ ስትሥልም ብሏል፣ ሳታገባ ስትቀርም ብሏል፣ ስታረጅም ብሏል። መቼ ደክሞት ያውቃል?

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ታናሽ እህቴን ቀለሞቼን ትጨርሳቸው እንጂ እንዳታደርቃቸው በያት። ልብስ ሰፊው ጎረቤታችንን፣ የሰፋልኝ ኮት ዛሬም ልኬ ነው በይልኝ። አክስቴን ግንባሯን ሳሚልኝ። መጽሐፉን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ፤ ዓይኗ ስለደከመ የምታነቢላት አንቺ ነሽ። ያቺ ገጽ ላይ ስትደርሺ ድምፅሽን ዝቅ እንዳታደርጊ።

የማትሰማሽ ግን የምትወድሽ ልጅሽ

ከማተሚያ ቤቱ በላይ ካለችው ክፍሌ
ኅዳር 9 ቀን