ዕጣ ያላስፈራቸው የቅርጫ መዳቢ፤ አቶ እንዳላማው ደርቤ (1938–2017 ዓ.ም.)

አቶ እንዳላማው ደርቤ ከአባታቸው ከአቶ ደርቤ አምደሚካኤልና ከእናታቸው ከወ/ሮ አመተ ማርያም ዘመነ በ1938 ዓ.ም. በምሥራቅ ጎጃም፣ ከቁይ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ የገጠር ቀበሌ ተወለዱ። በልጅነታቸው ከየኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደግመዋል። በ1962 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሥራነሽ ፍሥሐ ጋር ተጋብተው ትዕግስትንና መሳፍንትን ወለዱ፤ ጤፍና ስንዴ እያረሱም አስተማሯቸው።

በሰፈሩ ይበልጥ የሚታወቁት ግን በቅርጫ መዳቢነታቸው ነው። ለፋሲካ በሬ ሲታረድ ሥጋውን እኩል የሚመድቡት እርሳቸው ነበሩ። ዕጣውን ፊቱን ያዞረ ሰው ይጥለዋል፤ እርሳቸውም የደረሳቸውን ይዘው ይገባሉ። አንድ ዓመት አጥንት የበዛበት ደርሷቸው ወ/ሮ ሥራነሽ ቢያጉረመርሙ፣ «መዳቢው እኔው፤ ማንን ልክሰስ?» ብለው አስቀዋቸዋል።

በጥር 2011 ዓ.ም. የሐሞት ጠጠር ታመው ለቀዶ ሕክምና ሐኪም ቤት ገቡ። በዚያም የቀዶ ሕክምና ቁስል እንዳያመረቅዝ የሚረዳውን ለመለየት ጥናት ይካሄድ ነበር። ለአንዳንዱ ታካሚ ሆዱ ከመሰፋቱ በፊት ሐኪሙ ጓንቱንና መሣሪያውን ይቀይራል፤ ለሌላው እንደ ወትሮው በያዘው ይጨርሳል። የሚለየው ዕጣ ነው። ሁልጊዜ ክፉው ቀድሞ የሚታያት ልጃቸው ትዕግስት፣ «አባቴ በዕጣ አይቀደድም!» ብላ አለቀሰች። እርሳቸው ግን ሐኪሙን «የትኛው እንደሚሻል ታውቃለህ፣ ልጄ?» ሲሉ ጠየቁት።

«አላውቅም፣ አባባ።»

«እንግዲያ መደቡ እኩል ነው፤ ጣለው» አሉ።

ዕጣው ጓንት ከማይቀየርላቸው ጋር አዋላቸው። ቁስሉ አመርቅዞ እስከ ፋሲካ ተኙ፤ የዚያን ዓመት ቅርጫ ሌላ ሰው መደበ። ትዕግስት ጥቁር ልብስ እስከ ማዘጋጀት ደርሳ ነበር። እርሳቸው ግን ዳኑ። በኋላ ጥናቱ ተጠናቆ ጓንትና መሣሪያ የተቀየረላቸው ሰዎች ቁስል እምብዛም እንዳላመረቀዘ ሲነገራቸው፣ «አጥንቱ ለእኔ ደረሰ፤ ለከርሞ ግን አመዳደቡ ታወቀ» አሉ።

በ2016 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸው ሂዊ በቀዶ ሕክምና ስትወልድ፣ እናቷ ትዕግስት በሩ ላይ ቆማ ስለ ጓንቱ ጠየቀች። ነርሷም «አሁንማ ለሁሉም እንቀይራለን፤ ዕጣ ቀርቷል» አለቻት። ሂዊ ቁስሏ ቶሎ ጠግጎ ሕፃኗን አቅፋ አያቷ ዘንድ ደረሰች። እርሳቸውም ሕፃኗን ተቀብለው መረቁ።

አቶ እንዳላማው ባደረባቸው የልብ ሕመም ሲረዱ ቆይተው ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በ79 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸውና የልጅ ልጃቸው ልጅ ከኋላቸው አሉ።

ለሰው ሁሉ እኩል የመደቡትን እጆች ፈጣሪ ይቀበልልን፤ ዕጣ ክፍላቸውንም ከጻድቃን ጋር ያድርግልን። አሜን።