የሚስ ዶውሊንግ ቀይ እንቁላል

ለውድ እህቴ ለእትዬ ፒሮሽካ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ወደ አገራችን ከተመለስሽ ወዲህ የምትወጪው ያ የሚሽኮልች ቤትሽ ደረጃ ዛሬም ያስለቅስሻል? እኔ ወንድምሽ ቬንዴል ከጆሮዬና ከጥርሴ በቀር ደኅና ነኝ፤ ጥርሱም የራሴ ስላልሆነ ብዙ አላዝንለትም። የዛሬው ደብዳቤ ግን ለወግ አይደለም። ተናድጃለሁ።

ቤተ ክርስቲያናችን የምሥረታ በዓሉን ሊያከብር ነውና የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ኤርኔ ፓታኪ የሰፈራችንን ትዝታ በመጽሐፍ እያዘጋጀ ነው። ረቂቁን የልጅ ልጄ ክላራ እያነበበችልኝ ሳለ እንዲህ የሚል ቦታ ላይ ደረሰች፦ «በ1930 በፋሲካ ማግስት አንድ ባለጌ ልጅ መምህርቷ ላይ አንድ ባልዲ ውኃ ደፋባት። እናቱም ተጠርታ እያለቀሰች ይቅርታ ለመነች።» ባለጌው እኔ ነኝ፤ ይሁን፣ አልክድም። እማዬ ግን መቼ አለቀሰች? መቼስ ለመነች? ክላራ ስቃ «አያቴ፣ እናትህ እንዲህ ፈሪ ነበረች እንዴ?» አለችኝ። ሾርባዬን ትቼ ተነሳሁ።

ኤርኔ ራሱ እንደ አገራችን ልማድ በፋሲካ ማግስት ሰኞ ሴቶቹ እንደ አበባ እንዳይጠወልጉ ውኃ እየረጨ፣ ለምርቃቱም ቀይ እንቁላል እየተቀበለ አይደለም ያደገው? እኔስ ምን አጠፋሁ? መምህርቴ ሚስ ዶውሊንግ ከሌሎቹ ይልቅ ጠውልጋ ታየችኝ፤ ስለዚህ ባልዲ አነሳሁ።

የጥሪው ወረቀት ቤት ሲደርስ እማዬ ያለችውን ታስታውሻለሽ። «አያችሁ፣ ይቺስ ጨዋ ናት፤ እንቁላሉን በገዛ እጇ ልትሰጠን ጠራችን» ብላ የእሑድ ሻሿን አሰረች፤ ጥቅል ኬክም ይዛ ሄደች። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። አንቺ በአሥራ አንድ ዓመትሽ አስተርጓሚ ነበርሽ። ሚስ ዶውሊንግ «እናንተ ስደተኞች ልጅ ሳይሆን አውሬ ነው የምታሳድጉት» አለች። አንቺ ለእማዬ «ቬንዴል ጎበዝ ነው ትላለች» አልሻት። እማዬም ቀና ብላ «እግዜር ያክብርሽ፤ እንቁላሉስ?» አለች። አንቺ በእንግሊዝኛ «እናቴ በጣም አዝናለች፤ ይቅርታ ትለምናለች» አልሽ። ሴትዮዋ ኬኩን እንደ ካሳ ቆጥራ ተቀበለች። እማዬን ደግሞ «እንቁላሉን ነገ ትልካለች» ብለሽ ወደ ቤት መለስሻት። እስክትሞት ድረስ «ያቺ መምህርት ቆንቋና ናት» ትል የነበረው ለዚህ ነው።

ኤርኔ ዘንድ ሄጄ እማዬ የጠየቀችው እንቁላል እንጂ ይቅርታ አይደለም አልኩት። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ጋሼ ቬንዴል፣ አምና ጳጳሱ ስልክ ላይ ናቸው ብለው ቄሱን ከቅዳሴ ያስወጡት እርስዎ አይደሉም? አሁን ማን ይመንዎት? የመምህርቷ ማስታወሻ እኔ ዘንድ አለ። ይቅርታ ካልተጠየቀች ይህን ከየት አመጣችው?» አለኝ። አየሽ፣ የእሷ ወረቀት እውነት ነው፣ የእኔ አፍ ቀልድ ነው። ያቺ ሴትዮ አውሬ ማለቷን ግን ማስታወሻዋ ላይ አልጻፈችም።

እትዬ፣ ያኔ እውነቱን ተርጉመሽ ቢሆን ኖሮ ጀርባዬ በአለንጋ ይተለተል ነበር። ስለዚህ ስድሳ ዓመት አፌን ዘጋሁ፤ ካልፈቀድሽ አሁንም አልከፍተውም። ግን መጽሐፉ በሜይ መጨረሻ ማተሚያ ቤት ይገባል። አንቺ ቀልድ የሚባል ነገር እንደማይገባሽ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ አንቺን ያምኑሻል። ለኤርኔ አንድ መስመር ጻፊለት፦ እናቴ የጠየቀችው እንቁላል ነው፤ ይቅርታውን የጠየቅሁት እኔ ነኝ።

ልጅሽን ጁላን «አጎትህ ጢምህን ተላጭ ብሎሃል» በይልኝ። ለምራትሽ ለኤዲት፣ አንቺን ችላ ስለኖረች፣ እጅ ነስቻለሁ። መንትዮቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ክላራም ትስምሻለች፤ ራሱ ጻፈው እንዳልባል፣ ከአንቺ የሚመጣውን ደብዳቤ እኔ ሳልሆን እሷ እንድትከፍተው ነግሬያታለሁ።

ወንድምሽ ቬንዴል
ቶሌዶ፣ ኦሃዮ
ኤፕሪል 19 ቀን 1991