ወይዘሪት ካልሲና ድንቡሼ

ሰኞ፣ ሐምሌ 12

ከሰዓቱን ፎቶ ቤት። ጉርድ ፎቶ፣ ጉርድ ፎቶ፣ አሁንም ጉርድ ፎቶ። አገር ምድሩ መታወቂያ ሊያወጣ ነው መሰለኝ። አንዱ ሰውዬ ሦስቴ ተነሳና "ይሄ እኔን አይመስልም" አለ። ቁርጥ እሱን ነው የሚመስለው፤ ችግሩም እሱ ላይ ነው።

ልዘጋ ስል እህቴ መጣች፣ ፊቷ ጠቁሯል። ልጇን ድንቡሼን ትምህርት ቤት ልታስመዘግብ ወስዳት ነበር። ዳይሬክተሯ ስሟን ጠየቀቻት… ዝም። ዕድሜዋን… ዝም። የምትወደውን ቀለም… ጫማዋን እያየች ዝም። ስድስት ዓመት ሊሞላት ነው። አምና አፏ አይዘጋም ነበር። አሁን ቤትም ውስጥ የፈለገችውን በጣቷ እያሳየች ነው የምትኖረው።

ነሐሴ 11 መልሳችሁ አምጧት ተባለ። ያኔም ካልተናገረች አንድ ዓመት ቤት ትቆያለች። እህቴ እዚያው መጋረጃው ስር ተቀምጣ አለቀሰች። እኩዮቿ ሁሉ ቦርሳ አንግተው ሲሄዱ ልጄ በመስኮት ልታያቸው ነው ወይ አለች።

ዳይሬክተሯ ልጆችን ለትምህርት ቤት የምታዘጋጅ አንዲት መምህርት ጠቁማለች። ጠዋት ጠዋት ነው። ማን ይውሰዳት? እህቴና ባሏ ሥራ አላቸው። "አንቺማ እስከ ምሳ ድረስ ምን ሥራ አለሽ" አለችኝ። መተኛት ሥራ አይደለም ማለት ነው?

ረቡዕ፣ ሐምሌ 14

ሄድን። አንድ ጠባብ ክፍል፣ ምንጣፍ፣ ሰባት ልጆች፣ የአሻንጉሊት የሚያክሉ ወንበሮች። አንዱ ላይ ተቀመጥኩ፣ ጉልበቴ አገጬን ነካ። ግድግዳው ላይ የመምህርቷ ዲግሪ በመስታወት ተሰቅሏል። ፎቶዋ ላይ ጥላ አለ፣ ማን እንዳነሳት እንጃ።

ዲግሪዋን እያየሁ አንድ ቁም ነገር ስጠብቅ… ከቦርሳዋ ቢጫ ካልሲ አወጣች። ካልሲ! ሁለት ቁልፍ ለዓይን ተሰፍቶበታል። እጇ ላይ አጠለቀችው፣ ድምጿን አቀጠነችና ታወራ ጀመር። እንግዲህ ለዚህ ነው እንቅልፌን የተነጠቅኩት። ከዛሬ ጀምሮ ስሟ ወይዘሪት ካልሲ ነው።

ካልሲው ድንቡሼን ቁርስ ምን በላሽ አላት። ከዚያ መጠበቅ። ዝም ብሎ መጠበቅ። አውቶቡስ እንኳ እንዲህ አይጠበቅም። ቢጨንቀኝ "ዳቦ በሻይ" አልኩ። ካልሲው ወደ እኔ ዞረና "እርስዎን አልጠየቅኩም" አለኝ።

በዚህ ዕድሜዬ ካልሲ ገሰጸኝ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 15

ዛሬም ካልሲ። ዛሬም ዝም።

እሁድ፣ ሐምሌ 18

እህቴ ቤት እንግዳ ነበር፣ የባሏ መሥሪያ ቤት ሰዎች። በእኛ ቤት ጨዋታ ያለ እኔ አይደምቅም። ሰው ማስመሰል ተሰጥኦዬ ነው፤ አካሄዱንም፣ ሳሉንም፣ ድምፁንም። የእህቴን ባል ካልሲ አስወልቄ ወይዘሪት ካልሲን ሠራኋት። "እርስዎን አልጠየቅኩም"… አንዱ በሳቅ ትን ብሎት ውኃ ፍለጋ ሮጠ። ዳይሬክተሯንም አይቻት ባላውቅም በእህቴ ወሬ ብቻ ሠራኋት።

ቀጥሎ የእህቴ ባል እንደ ልማዱ "እስቲ ድንቡሼን" አለ። ይቺ ሁሌም ታስቃለች። አምና ክረምት "አትቴ፣ ዝናቡ ለምን ያለቅታል?" ብላኝ ነበር፣ አክስቴ ማለቷ ነው። ከንፈሬን አሞጥሙጬ፣ ሆዴን ነፍቼ… እህቴ ሆዷን ይዛ ወንበሩ ላይ ተጋደመች። ድጋሚ አስባሉኝ። አንዷ እንግዳም "ነይ ማሚቱ፣ አንቺው በይልን" ብላ ልጅቷን ጠራቻት። ድንቡሼ በሩን ተደግፋ ቆማ ነበር። ሄዳ ተኛች። እንቅልፏ መጥቶ ነው አልን።

ሰኞ፣ ሐምሌ 26

አዲስ መጣ ደግሞ። ልጆቹ የየራሳቸውን ካልሲ ሠሩ። ድንቡሼ የአባቷን ወስዳ ቀይ ቁልፍ ሰፋችበት፣ አንዱ ዓይን ግንባር ላይ ነው። ወይዘሪት ካልሲ እኔን በትህትና "እባክዎ ከነገ ጀምሮ ውጭ ቢቀመጡ" አለችኝ። እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ከጃንጥላዎቹ ጋር። ምን አጠፋሁ? ከዚያ ወዲህ ትንፍሽ ብያለሁ?

ሐሙስ፣ ሐምሌ 29

ውጭ ተቀምጬ፣ መስኮቱ ክፍት። ድንቡሼ ስታወራ ሰማሁ። አዎ፣ ድንቡሼ! ሙሉ ዓረፍተ ነገር። ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ። ካልሲ ለካልሲ ነው የሚያወሩት። ስለ ድመት፣ ስለ ጫማ… ድምጿን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው? ደስ ብሎኝ ልገባ ምንም አልቀረኝም።

ቢጫው ካልሲ "ቤት ውስጥስ ለምን አታወሪም?" አላት።

"አክስቴ ትሰማለች።"

"ብትሰማስ?"

ቆየች። ያቺ ሴት እንደሆነ መጠበቅ ታውቅበታለች። ከዚያ ባለቀይ ዓይኑ ካልሲ "ለሰው ታሳያለች" አለ። "እኔን ትሆንና ሁሉም ይስቃል። እማዬም ትስቃለች።"

ወይዘሪት ካልሲ ልጅቷን ስታስረክበኝ ዓይኔን አላየችም። "ዛሬ ጥሩ ቀን ነበር" ብቻ አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ፣ ሐምሌ 30

ነገረኛ ሴት። ልጅን እየጎተጎቱ የሰው ገመና ማስለፍለፍ ትምህርት ሆነ? ቤተሰብ ቢስቅ ምን አለበት? በፍቅር ነው የሳቅነው። እኔ ያቺን ልጅ ከዓይኔ ብሌን…

ፎቶ ቤት አንዲት እናት ሕፃን ይዛ መጣች። ልጁ እንዲስቅልኝ የእሱኑ አነጋገር አስመስዬ መለስኩለት። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፣ አለቀሰ። ድሮም ያለቅሱ ነበር እኮ… ሁሌ መብራቱ አስፈርቷቸው ይመስለኝ ነበር።

እሁድ፣ ነሐሴ 2

እነዚያው እንግዶች። ገና ሳይቀመጡ "ድንቡሼን አድርጊልን" አሉ። ራሴን አሞኛል አልኩ። ትንሽ ቆይተው እንደገና። የእህቴ ባል ራሱ ሊሞክር ተነሳ፤ ሰውዬው እንኳን ልጅ እሱን ራሱንም ማስመሰል አይችልም። ግን "አትቴ" ብሎ ሲጀምር ድንቡሼ አንገቷን ትከሻዋ ውስጥ ቀበረች። ስንቴ እንዲህ አድርጋ ይሆን? ወደሚያጨበጭቡልኝ ስዞር አላየሁም።

"ተው፣ ይበቃል" አልኩት። ሳቁ ቆመ። እንግዶቹ ቶሎ ሄዱ።

ማድ ቤት ለእህቴ የሰማሁትን ነገርኳት። ሳህን እያጠበች ነበር። "አንቺ ነሽ የጀመርሽው" አለች። እኔ ነኝ፣ እሺ። "አንቺስ ለምን ሳቅሽ?" አልኳት። ያንኑ ሳህን መልሳ መላልሳ አጠበችው።

የቤቱ ሊቅ፣ የሰው ሁሉ ድምፅ የሚያውቅ ጉሮሮ… የአንዲትን ሕፃን ድምፅ ዘርፎ በገዛ ቤቷ ዲዳ አድርጓታል። በዚህ ላይ ካልሲ ገሰጸኝ እላለሁ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 6

ወይዘሪት ካልሲን ምን ላድርግ አልኳት። "ዝም ብለው ይስሟት" አለች። ይሄ ነው ዲግሪው? ይሄ ነው። እኔ ግን ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አልቻልኩም፣ መንገድ ላይ ሦስቴ አፌን ያዝኩ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 11

ሦስታችንም ሄድን። ድንቡሼ ካልሲዋን ቤት ትቼ ልምጣ ብላ ራሷ ትታው መጣች። እናቷ ፈራች፣ እኔም ፈራሁ፣ ግን ማን ይናገራል።

ዳይሬክተሯ "ስምሽ ማን ነው?" አለች። ዝም። እህቴ አፏን ከፈተች፣ ጭኗን ቆነጠጥኳት። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም። ድንቡሼ ጫማዋን አየች፣ ጠረጴዛውን አየች፣ ከዚያ ስሟን ተናገረች። ከነአባቷ። ቀጥላ "ያንቺ ወንበር ለምን ይዞራል?" ብላ ጠየቀች። ዳይሬክተሯ አልሳቀችም፤ ተነሳችና አስቀምጣት አዞረቻት። መስከረም ላይ ትምጣ ተባለ። እህቴ መሃረቧን ጨመቀችው።

መንገዱን ሁሉ ለእናቷ ስታወራላት መጣች። ስለ ወንበሩ፣ ስለ ደወሉ፣ ስለ ዘበኛው ኮፍያ። እኔ ወደ ኋላ ቀረት ብዬ ነበር። በር ላይ ስንደርስ አላስችል አለኝና "ወንበሩ ላይ ስትዞሪ ምን ታየሽ?" አልኳት።

ወዲያው አፏ ተዘጋ። ከንፈሬን አየችው። ለሁሉም የምታወራ ልጅ… ለእኔ ብቻ ዝም። እናቷ ልትመልስላት ስትል በዓይኔ ከለከልኳት። ቁጭ አልኩ፣ ደረጃው ላይ፣ ቁመታችን እኩል ሆነ። ጠበቅኩ።

"ለሰው ታሳያለሽ?" አለችኝ።

"አላሳይም።"

ብዙ አሰበችበት። "እንግዲያው ነገ እነግርሻለሁ" አለችና ገባች።

ያለችው ይሄው ነው። እንዴት እንዳለችው አልጽፍም።