ኢንተርኔት ሲገባ እገባለሁ

ጥቅምት 4፣ 2006

ዝናቡ ዛሬ ቆመ። ቢሮ ዋልኩ። ምሳ ሽሮ፣ እራትም ያው ሽሮ።

ትህትና ትናንት ወደ ጅማ ተመለሰች። እሑድ መሸት ሲል ያቺ ቃሏ አትቀርም… «በቃ ወደ ቤት ልሂድ።» ቤት የምትለው ጅማ በቾ ቦሬ ሠፈር ያለውን የእናቷን ቤት ነው። ከተጋባን ዓመት ሊሞላን ምን ቀረው? የቡ ከተማ የተከራየሁት ቤት ታዲያ የማን ነው? የኔና የአይጦቹ።

ደግሞ አልፈርድባትም። ዩኒቨርሲቲው ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የማስተርስ ጽሑፏን እየሠራች ነው። ያለ ኢንተርኔት አንድ ገጽ ፈቀቅ አትልም። ትናንት ሚኒባሱ ውስጥ ሆና በመስኮት ቁርጡን ነገረችኝ። «ፍሬዘር፣ ቤቱ ኢንተርኔት ሲገባ እኔም እገባለሁ።»

ቀላል ነው አልኳት። ምን ከባድ ነገር አለው?

ጥቅምት 9

ከባድ ነው።

መጀመሪያ በሽቦ የሚገባውን ጠየቅኩ። «ምሰሶው ገበያው ጋ ያልቃል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ቡና ነው። አምስት ቤት ሆናችሁ ተደራጁና ኑ» ተባልኩ። ሠፈሩን ዞርኩ። አንዱ ጎረቤት በጥሞና አዳመጠኝና «ቡና ያደርቃል?» አለኝ። አያደርቅም ስለው አዘነልኝ።

ቀጥሎ አከራዬ ሃጂ ሙሐመድሳኒ ሰሙ። ቡና ነጋዴ ናቸው፣ የዕድራችንም ሊቀመንበር። እሳቸው ካወቁ ነገሩ የግል መሆኑ አበቃ። «ሜ፣ እስቲ! ምን ያደክምሃል? ዲሽ አለልህ አይደል? ከመካ የሚያመጣ ዲሽ ከአዲስ አበባ ማምጣት ያቅተዋል?» አይሆንም ብል ማን ሰምቶኝ… ከሰዓቱን ጣሪያ ላይ ዋልኩ፤ እሳቸው ከታች «ወደ ቀኝ! ወደ ግራ!» ይላሉ። አንድ የቱርክ ድራማ አገኘን። ሃጂ ወደዱት። ቁጭ ብለው አዩትና አመስግነውኝ ሄዱ።

ጥቅምት 19

ከጅማ ዶንግል ገዛሁ። ላፕቶፕ ላይ ተሰክታ ኢንተርኔት የምታመጣ፣ ፍላሽ የምታህል ነገር። ሲሠራ ሰማያዊ መብራት ያበራል። ሳሎን ሰካሁት፣ የለም። መኝታ ቤት የለም። ሽንት ቤት በር ላይ ብልጭ አለና ጠፋ።

ላፕቶፑን ደረቴ ላይ አቅፌ ሠፈሩን መዞር ጀመርኩ። ሰው ሁሉ እየቆመ ሰላም ይለኛል፤ እኔ ዓይኔን ከመብራቱ ላይ አልነቅልም። ሰላምታ የማይመልስ ሰው ሆኜ አረፍኩት።

መጨረሻ ላይ የት ሠራ? የዕድሩ መጋዘን! ጉብታው ላይ፣ ከድስት፣ ከድንኳንና ከአግዳሚ ወንበር መሀል። እንዴት እንደሚፈጥን! ዕቃ ያዥዋ አዴ ዘይቡ በሩ ላይ ቆመው አዩኝና «ሌላ ቦታ ህንጅሩ?» አሉ። የለም አዴ፣ እዚህ ብቻ ነው አልኳቸው። ደስ አላቸው። መጋዘናቸው ተመሰገነ።

ለሶላት ሊዘጉ ሲሉ ፋይል እያወረድኩ ነበር። ላፕቶፑንም ዶንግሉንም እንደተሰኩ ትቼ ወጣሁ። ነገ እወስዳለሁ ብዬ።

ጥቅምት 20

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

አዴ ዘይቡ ላፕቶፑን ሰጡኝ። ዶንግሉን ግን እምቢ! «መጋዘን ያደረ ዕቃ የዕድሩ ነው። ደንብ ነው።» እውነትም ደንብ ነው። ድሮ ሰዎች ወንበራቸውን እያስቀመጡ በኋላ የኔ ነው፣ ያንተ ነው እየተባባሉ ስለተደባደቡ የወጣ ደንብ። አጨብጭቤ ያጸደቅኩት እኔም ራሴ ነኝ! ላፕቶፑስ ለምን ተለቀቀ? «እሱማ አገር ያውቀዋል፣ ደረትህ ላይ ነው የኖረው።»

እሺ አዴ፣ ያውሱኝ አልኩ።

«ኤኙቱ ዱኤ?» ማን ሞተብህ ማለታቸው ነው።

ኧረ ማንም አልሞተም!

«ሠርግ ነው?»

አግብቻለሁ እኮ።

«ሙሽራዋ ታዲያ ቤትህ ገብታለች?»

ጅማ ናት አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «አየህ፣ ሠርጉ አላለቀም። ሙሽራ ስትገባ ዕቃ ይወጣል።»

ለትህትና ደወልኩላት። ብዙ ሳቀች። ከዚያ ግን… «ያው ነው ፍሬዘርዬ። ሲገባ እገባለሁ።»

እሷ ካልገባች እሱ አይወጣም። እሱ ካልገባ እሷ አትመጣም። ይሄን ለማን አቤት ይባላል?

ጥቅምት 28

ዶንግሉ ከድስት ጋር ለሰው ሠርግ ወጣ። ሄጄ አየሁት። ማንም ምንም አልሰካበትም፣ ኬኩ ጎን በሰሃን ተቀምጧል። ሰው እያለፈ ያየዋል። በላሁ፣ መርቄ መጣሁ። ሌላ ምን ላድርግ?

ኅዳር 8

ሃጂ ሙሐመድሳኒ «ይሄ የሽማግሌ ነገር ነው» ብለው ተነሱ። ሁለት አዛውንትና እኔን አስከትለው፣ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ጠዋት በቾ ቦሬ አማቴ ወይዘሮ ወርቅውሃ በር ላይ ቆሙ። አንቀመጥም አሉ። «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም።»

አማቴ ግራ ገባቸው። «ልጄን እኮ ሰጥቻችኋለሁ፣ አምና!»

«ሰጥታችሁናል፤ አልተረከብንም» አሉ ሃጂ።

ትህትና ከጓዳ ሆና ስትስቅ ይሰማኛል። እኔ መሬቱን አያለሁ። በስተመጨረሻ ወጣችና «እሺ። ቅዳሜ እመጣለሁ። ለአንድ ቀን። ዕቃው ይውጣና ይሞከር» አለች። ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ ተቀመጡ፣ በሉ።

ለአንድ ቀን… እሺ። አንድ ቀንም ቀን ነው።

ኅዳር 14

ዕድሩ ድንኳን ተከለልኝ። ሁለተኛ ተዳርኩ! አዴ ዘይቡ ዶንግሉን በነጠላ ጠቅልለው አመጡ፣ እልልታ ቀለጠ። ትህትና ሳሎን ቁጭ አለች። ሰካች። ሰው በመስኮት ተደራረበ።

የለም።

ማንም አልገረመውም፣ ከኔ በቀር ተስፋ ያደረገም አልነበረም። ቤቴ እንደሆነ አይሠራበትም፣ መጀመሪያም አውቅ ነበር እኮ። በደንቡ ተይዤ እሱን ረሳሁት! ትህትና ቀና ብላ አየችኝ። አልሳቀችም። ነገ ወደ ቤት ልሂድ ትለኛለች ብዬ ፈራሁ።

ኅዳር 15

«ወደ ቤት ልሂድ» አለች። ሸኘኋት። እውነቱን ለመናገር ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ኅዳር 22

የዕድሩ ጉባኤ። ሃጂ ስለኔ ሲናገሩ ፊቴ ቀላ። «ሙሽራ ተመለሰች ማለት ለሠፈሩ ነውር ነው። ኔትወርኩ ያለው መጋዘን ነው። ድስት ኔትወርክ አይፈልግም። ይቀያየሩ።»

እጅ ወጣ። በሙሉ ድምፅ። ዕቃው እኔ ቤት ይገባል፣ እኔ መጋዘን እገባለሁ። አዴ ዘይቡ ብቻ አንድ ጥያቄ ነበራቸው። «እሱ መጋዘን ካደረ የዕድሩ ይሆናል ማለት ነው?»

ሰው ሳቀ። እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር።

ኅዳር 29

ገባች! ትናንት ሻንጣዋን ይዛ መጣች። ኔትወርኩ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞልቷል፣ እሷም እስከ ማታ ስትጽፍ ዋለች። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ግድግዳውን የንፍሮ ሽታ አልለቀቀውም። ድስቶቹ ቀለም በተቀባ ቤት፣ እኛ እዚህ። ጠዋት ጠዋት የለመደበት ሰው ያንኳኳል፤ በቁምጣ ወጥቼ «ዕቃው ወደ ታች ነው» እላለሁ።

ዛሬ እሑድ ነው። ሲመሽ ዓይኔ በሩ ላይ ነበር። ወደ ቤት ልሂድ አላለችም። ግን ኢንተርኔት አለ አይደል? ለኔ ነው የመጣችው ወይስ ለሰማያዊዋ መብራት? እንዲህ ያለ ጥያቄ መጠየቅ ራሱ…

ታኅሣሥ 5

ጋሽ ወልደሰማያት አረፉ። ቡና መዛኝ የነበሩት፣ ከመጋዘኑ ጀርባ ያሉት። ልጃቸው ብርሃኔ ቤይሩት ሰው ቤት ነው የምትሠራው፣ መምጣት አትችልም። ሃጂ መጥተው ቆሙ። «ለለቅሶ ነው» አሉ። ዶንግሉን ነቅዬ ሰጠሁ። ደንብ ነው።

ትህትና ላፕቶፗን አንስታ ተከተለቻቸው። ዶንግሉ የሄደበት ትሄዳለች… ጽሑፏን እዚያ ልትጽፍ ነው ብዬ ተናደድኩ።

ታኅሣሥ 7

ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ላፕቶፑ ድንኳኑ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ብርሃኔ በስክሪኑ ታለቅሳለች። ሰው ተሰልፎ ደረቱን ይመታል። «እግዜር ያጥናሽ!» «አላህ ያጥናሽ!» አዴ ዘይቡ ንፍሮ በሰሃን ከላፕቶፑ ፊት አስቀምጠዋል። ምስሉ ቆም ሲል «አልቀመሰችም እኮ» ይላሉ።

ትህትና ከጎኗ ተቀምጣለች። ለመጣው ሁሉ ስክሪኑን ታዞራለች፣ ስም ትነግራታለች፣ አብራት ታለቅሳለች። ጽሑፏን አልነካችም። የመጋዘኑን ሠፈር ሰው ሁሉ ስም መቼ አወቀችው? እኔ እንኳ ግማሹን አላውቀውም። በራሴ አፈርኩ።

ታኅሣሥ 8

አመሻሽ ላይ ብቻዬን ሽሮ አሞቃለሁ። በሩ ተከፈተ። ትህትና ናት፣ ዓይኗ አብጧል፣ እጇ ባዶ።

«ላፕቶፑስ?»

«እዚያው ነው። ብርሃኔ ሳልስቱን ሙሉ ልይ አለች።»

«ዶንግሉም?»

«እሱም።»

«ታዲያ አንቺ…»

«ታዲያ እኔ ምን? ደከመኝ። ወደ ቤት ልሂድ አልኳቸውና መጣሁ።»

ጫማዋን አወለቀች፣ ሽሮውን ቀመሰችና ጨው አነሰው አለች። እውነቷን ነው፣ አንሶት ነበር።